ዝናብ ላይ የሚያቆማችሁ ፍሬኑ ብቻ አይደለም፦ ለየዕለት መንገድ የሞተር ጎማ እንዴት ይመረጣል?

ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ እየወረዳችሁ ነው እንበል። የሐምሌ ዝናብ ገና ማካፋት ጀምሯል። ከፊታችሁ ያለው መኪና ድንገት ቆመ። እናንተም ፍሬን ያዛችሁ።

ቀጥሎ የሚሆነውን የሚወስነው ምንድነው? ብዙ ሰው “ፍሬኑ” ይላል። ፍሬን ግን የሚያቆመው የጎማውን መዞር ነው። አስፋልቱን ነክሶ እናንተን የሚያቆማችሁ የጎማው ላስቲክ ነው። ከመንገዱ ጋር የሚነካካው ደግሞ ከፊትም ከኋላም የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ናት። ሕይወታችሁም የዕለት ገቢያችሁም የተቀመጠው በሁለት መዳፍ ላይ ነው ማለት ነው።

እንዲያም ሆኖ ጎማ ስንገዛ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። “ስንት ነው?” እና “ቶሎ አያልቅም?” ዛሬ ከነዚህ በፊት መጠየቅ ያለባቸውን እናያለን።

■ መንገዱ ተቀይሯል፤ ጎማችንስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ በሞተር ሳይክል ላይ እገዳ መጣሉን ታስታውሳላችሁ። አሁን ከተማው ላይ ከምናያቸው ሞተሮች ብዙዎቹ በፈቃድ የሚሠሩ የዴሊቨሪና የመልእክት ሞተሮች ናቸው። ስለዚህ ሞተር ለብዙ ወጣት የሽርሽር ዕቃ ሳይሆን እንጀራ ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል፤ ዝናብ ነው ብሎ ቤት አይውልም።

መንገዱም የድሮው አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ሲጀመር የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ፈርሶ አዳዲስ መንገዶች ተሠሩ። ዋና ዋናው ለስላሳ አስፋልት ሆኗል። ወደ ውስጥ ስትገቡ ግን ቂርቆስ፣ ሪቼ፣ በቅሎ ቤት፣ መስቀል ፍላወር አካባቢ ኮብልስቶኑም፣ ጉድጓዱም፣ ግንባታ ያለበት የአፈር መንገዱም አለ።

ስለዚህ የዚህ ሰፈር ሞተረኛ በአንድ ቀን ውስጥ አራት ዓይነት መንገድ ያገኛል፦

• ለስላሳ አስፋልት፣ በላዩ ላይ ቀለም የተቀባ ዜብራና መስመር። ቀለሙ ሲረጥብ ከአስፋልቱ የበለጠ ያንሸራትታል።
• ኮብልስቶን። ድንጋዩ በመኪና ጎማ እየተፈገፈገ ይለሰልሳል፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ነው።
• የማንሆል ክዳንና በግንባታ ቦታ መንገድ ላይ የሚነጠፍ ብረት።
• ገልባጭ መኪና አስፋልት ላይ የጣለው ጭቃ፣ ሚስማርና የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ።

ከሁሉም አደገኛው ደግሞ ከረጅም በጋ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ ነው። ወራት ሙሉ መንገዱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ አስፋልቱን ያሟልጨዋል። ደህና ዘንቦ እስኪያጥበው ድረስ ቀስ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መልስ አንድ ነው። ለዚህ ሰፈር ጎማ ስትመርጡ በዝናብ የሚይዘውን ምረጡ። የማያልቅ መስሎ የሚታየው ሁለተኛ ይሁን።

■ 1. ጥርሱን እዩ

የሞተር ጎማ ጥርስ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው።

ባለ ትልልቅ ጥርስ፦ ጥርሶቹ ተራርቀው እንደ ጉብታ የቆሙ ናቸው። ለገጠር፣ ለጭቃና ለኮረት የተሠራ ነው። ሲያዩት ጠንካራ ስለሚመስል ከተማ ውስጥም የሚወዱት አሉ። ችግሩ አስፋልትን የሚነካው የጥርሶቹ ጫፍ ብቻ መሆኑ ነው። እርጥብ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ መያዣው ይቀንሳል፣ ኩርባ ላይ ይዋልላል፣ ድምፁም ይበዛል።

ለስላሳ የመንገድ ጎማ፦ ቦዩ ጥቂት ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ግሩም ነው። አፈርና ጭቃ ላይ ግን ይቸገራል።

መካከለኛ፦ መሐሉ ላይ ጠበቅ ብሎ የተያያዘ ላስቲክ፣ ወደ ጎን ደግሞ ውሃ የሚያስወጡ ጥልቅ ቦዮች ያሉት። አስፋልት፣ ኮብልስቶንና አልፎ አልፎ አፈር ለሚነዳ የካዛንቺስና የቂርቆስ ሞተረኛ የሚሆነው ይሄ ነው።

ቦዩ ለጌጥ አይደለም። ሥራው ከጎማው ሥር ያለውን ውሃ ጨምቆ ወደ ጎን ማስወጣት ነው። ስለዚህ ከመሐል ወደ ጠርዝ የሚወጣ ቦይ መኖሩን እዩ።

ላስቲኩንም በጥፍራችሁ ጫን በሉት። እንደ ፕላስቲክ የደረቀ ከሆነ ብዙ ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል፤ ዝናብ ላይ ግን ይከዳችኋል። “አያልቅም” የተባለ ጎማ አንዳንዴ የማያልቀው መንገዱን ስለማይነክስ ነው።

■ 2. ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ

ጎማው ጎን ላይ 90/90-17 49P የሚል ካያችሁ ትርጉሙ እንዲህ ነው፦

• የመጀመሪያው 90፦ የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር።
• ሁለተኛው 90፦ ቁመቱ የስፋቱ 90 በመቶ ነው ማለት ነው።
• 17፦ የሚገጠምበት ቸርኬ ስፋት ከዳር እስከ ዳር በኢንች።
• 49፦ የመሸከም አቅም መለያ። 49 ማለት 185 ኪሎ ነው።
• P፦ የፍጥነት ጣሪያ። P በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ነው።

በአነስተኛ ሞተሮች ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ደግሞ 2.75-17 ወይም 3.00-17 የሚለውን የድሮ አጻጻፍ ነው። እዚህ ላይ 2.75 የሚለው ስፋቱ በኢንች ነው፤ ወደ 70 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። የመጨረሻው ቁጥር (17 ወይም 18) ከቸርኬያችሁ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ “ይገባል፣ ግድ የለም” የሚባል ነገር የለም። ሌላው፣ “ሰፋ ያለ ጎማ ያምራል” ብላችሁ ከተፈቀደው በላይ አትግዙ። ጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ሲገባ ቅርጹ ይቆለመማል፣ ሞተሩ ኩርባ ላይ ይከብዳል፣ ሰንሰለት ወይም መከላከያ ሊነካ ይችላል። ትክክለኛው መጠን የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ። ብዙ ጊዜም የሰንሰለት መሸፈኛው አካባቢ በስቲከር ተለጥፏል።

ዴሊቨሪ የምትሠሩ የመሸከም አቅሙን አትለፉት። የእናንተ ክብደት፣ ሳጥኑና ዕቃው በአብዛኛው የሚያርፈው የኋላ ጎማ ላይ ነው። 41 የሚል ጎማ የሚችለው 145 ኪሎ ሲሆን 50 የሚል ደግሞ 190 ኪሎ ነው። የኋላውን ስትገዙ ከመመሪያው በታች አትውረዱ።

■ 3. ዕድሜውን ጠይቁ፦ በፈረንጅ አቆጣጠር

ጎማ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎም ያረጃል። ፀሐይ፣ ሙቀትና ጊዜ ላስቲኩን ያደርቁታል።

የተመረተበትን ጊዜ ለማወቅ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ፈልጉ። 3624 ካለ በ2024 በ36ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ይህ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ ነሐሴ 2016 ማለቂያ ላይ ይሆናል። “24” የሚለውን አይታችሁ በእኛ አቆጣጠር እንዳታሰሉት።

ከተመረተ አምስት ዓመት ያለፈው ጎማ “አዲስ ነው፣ ከነላስቲኩ ነው” ቢባልም ባትገዙት ይሻላል። ጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካያችሁ ደግሞ ቁጥሩንም ማንበብ አያስፈልግም፤ መልሱት። ያገለገለ፣ በተለይ ጥርሱ በቢላ እንደገና የተቆፈረ ጎማ በነፃም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። ውስጡ ሳስቷል።

■ 4. ባለ ከመነዳሪ ወይስ ቱዩብለስ?

ይሄን በአብዛኛው የሚወስነው ቸርኬያችሁ ነው። ቀጫጭን ሽቦ ያለው ቸርኬ በሽቦዎቹ ቀዳዳ ንፋስ ስለሚያስወጣ ብዙውን ጊዜ ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) የግድ ያስፈልገዋል። ወጥ ሆኖ የተሠራው የአሎይ ቸርኬ ላይ “ቱዩብለስ” የሚል ከተጻፈበት ያለ ከመነዳሪ ይሠራል።

ልዩነቱ የሚታየው ሚስማር ሲወጋችሁ ነው። ከመነዳሪ ሲበሳ ንፋሱ ቶሎ ሊወጣ ስለሚችል ሞተሩ ድንገት ይወላገዳል። ቱዩብለስ ግን ሚስማሩ እዚያው ተሰክቶ እያለ ቀስ እያለ ይተነፍሳል፤ ጎሚስታ ጋ ለመድረስ ጊዜ ይሰጣችኋል። ግንባታ በበዛበት ሰፈር ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው።

ከመነዳሪ የምትጠቀሙ ከሆነ አዲስ ጎማ ስትገዙ ከመነዳሪውንም አብራችሁ ቀይሩ። አሮጌው ተለጥጦ ስለሚሰፋ አዲሱ ጎማ ውስጥ ይታጠፍና በታጠፈበት ይበሳል። ቱዩብለስ ደግሞ ሲበሳ የሚጠገነው መንገድ የሚነካው ፊቱ ላይ ከሆነ ብቻ ነው። ጎኑ ከተበሳ ወይም ከተቀደደ በቃ፣ አለቀ።

■ 5. የፊቱን አታስርቡት

የኋላ ጎማ ቶሎ ስለሚያልቅ ገንዘባችን ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። የፊቱ “ገና ነው” እየተባለ ዓመታት ይቆያል። ነገር ግን ፍሬን ስትይዙ ክብደታችሁ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከማቆሙ ሥራ አብዛኛውን የሚሠራው የፊት ጎማ ነው። የኋላው ቢንሸራተት ብዙ ጊዜ ማስተካከል ይቻላል። የፊቱ ከሄደ ግን እጃችሁን ሳታነሱ መሬት ላይ ናችሁ።

ስለዚህ ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ ከሌለ የተሻለ የሚይዘው ጎማ ከፊት ይሁን። ያለቀ የኋላ ጎማ ወደ ፊት ማዞር ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። ሲገጠምም ጎኑ ላይ ያለው ቀስት ወደሚዞርበት አቅጣጫ መሆኑን ራሳችሁ አረጋግጡ። ተገልብጦ የተገጠመ ጎማ ውሃውን እንደሚገባው አያስወጣም።

■ 6. ኤሌክትሪክ ሞተር ላላችሁ

የኤሌክትሪክ ሞተር ባትሪው ከባድ ነው፤ ጉልበቱንም ከመነሻው ይሰጣል። ሁለቱም የኋላ ጎማን ቶሎ ይበላሉ። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ስኩተሮች አነስ ያለ (10 ወይም 12 ኢንች) ቸርኬ ስላላቸው ጉድጓድ ሲመታቸው ንዝረቱ ይብሳል። ስለዚህ የመሸከም አቅሙንና ንፋሱን ከሌላው ሰው በላይ ተከታተሉ። ሞተሩ የኋላ ቸርኬው ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጎማው ከመፈታቱ በፊት ኃይሉ መጥፋትና ገመዱ መነቀል አለበት። ይሄን የማያውቅ ሰው እንዲፈታው አትፍቀዱ።

■ 7. ንፋስና መቀየሪያው ጊዜ

የፈለገ ውድ ጎማ ብትገዙ ንፋሱ ካልተስተካከለ ዋጋ የለውም። በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት ሳትነዱ በፊት ለኩ። ጎማ ሲሞቅ ቁጥሩ ከፍ ስለሚል ያሳስታችኋል። ትክክለኛው ቁጥር የሞተሩ ስቲከር ላይ ያለው ነው። ጎማው ጎን ላይ “ከፍተኛ” ተብሎ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ የምትሞሉት ልክ አይደለም። “ዝናብ ነው፣ ቀነስ ላድርገው” ማለትም አይሠራም። ንፋሱ ሲያንስ ቦዮቹ ይጨፈለቁና ውሃ ማስወጣት ይቸግራቸዋል።

የመቀየሪያው ጊዜ ደግሞ ጎማው ላይ ተጽፏል። ጎኑ ላይ ቲ.ደብሊው.አይ. የሚሉ ፊደሎች ወይም ትንሽ ሦስት ማዕዘን ፈልጉ። በዚያ መስመር ቦዩ ውስጥ ትንሽ ጉብታ አለች። ጥርሱ ከጉብታዋ ጋር እኩል ከሆነ አልቋል። እንግሊዝ በሕግ ከ1 ሚሊ ሜትር፣ ጀርመን ደግሞ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች የወረደ የሞተር ጎማ መንገድ ላይ እንዲወጣ አትፈቅድም። ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ ማየት ልማድ ይሁን።

■ ዋጋውስ?

ርካሹን ከውዱ ስታወዳድሩ ለኪሎ ሜትር አስሉት። ለምሳሌ ያህል ብቻ፦ አንዱ ጎማ 3,000 ብር ሆኖ 10,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ሌላው 4,500 ብር ሆኖ 15,000 ቢሄድ ሁለቱም በኪሎ ሜትር 30 ሳንቲም ናቸው። በዋጋ እኩል ከሆኑ በዝናብ የሚይዘውን መውሰድ ነዋ! አንድ ጊዜ ወድቆ ሳምንት ቤት መዋልም ወጪ መሆኑን አትርሱ።

■ ከሱቁ ከመውጣታችሁ በፊት

✔ መጠኑ ከሞተሩ ስቲከር ጋር አንድ ነው?
✔ አራቱ ቁጥሮች ከአምስት ዓመት ወዲህ ናቸው?
✔ ስንጥቅ፣ እብጠት ወይም የተቆፈረ ጥርስ የለውም?
✔ የመሸከም አቅሙ ለዕቃችሁ ይበቃል?
✔ ቀስቱ በትክክል ዞሯል? የንፋስ መሙያው ክዳን አለ?

የመጨረሻ ምክር፦ አዲስ ጎማ ፊቱ ያንሸራትታል። የመጀመሪያውን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ኩርባ ላይ አትጋደሙ፣ ፍሬንም በድንገት አትያዙ። ላስቲኩ ሻካራ ሲሆን ያን ጊዜ እመኑት።

አሁን ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱና ውጡ። ሞተራችሁ አጠገብ ቁጭ በሉና የፊቱን ጎማ አራት ቁጥሮች አንብቡ። ስንት ዓመቱ ነው?

ሞተር የሚነዳ ወንድም፣ እህት ወይም ጓደኛ ካላችሁ አካፍሉት። ክረምቱ ሳይገባ ይድረሰው።