ድንኳንና ካራቫን፤ ቀላል ማደሪያ ነፋስን ስለሚቋቋምበት ዘዴ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌ የምትገኘው ሸጎሌ ስሟን ያገኘችው በዚያ ቤተ መንግሥት ከነበራቸው ከቤኒ ሻንጉሉ ገዥ ከሼህ ሖጀሌ አልሐሰን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ አካባቢ በአንድ የግንባታ ሥፍራ፣ ሠራተኞች ካራቫን በሚሏት ትንሽ ተሳቢ ቤት ውስጥ አድር ነበር። በመጋቢት አንድ ሌሊት የበልጉን ዝናብ ቀድሞ የመጣ ኃይለኛ ነፋስ ቤቲቱን ያንገዳግዳት ጀመር። ከአራቱ ክሪኮች አንዱ ከተቀመጠበት ሳንቃ ላይ ተንሸራተተና ወለሉ ዘመመ። የሌሊቱ ዘበኛ፣ ዕድሜያቸው የገፋ የቀድሞ ወታደር፣ በሩን እየደበደቡ፣ «ቶሎ ውጣ ልጄ! ድንኳን እንኳ በካስማ ይታሰራል፤ ይህን ቤት ያለ ገመድ ያቆመው ማነው?» አሉኝ። ያቆምሁት እኔው ነበርሁ።

የሽማግሌው ጥያቄ ወደ ታሪክ መለሰኝ። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት ከሥፍራ ወደ ሥፍራ በሚዘዋወር የድንኳን ከተማ ነው። ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች የሚባሉት ማዕርጎች ራሳቸው የዘመቻና የሠፈር ሥርዓት ትዝታዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1520 መጥቶ ስድስት ዓመት የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የአፄ ልብነ ድንግልን ሠፈር ሲገልጽ፣ የንጉሡ ድንኳን ከፍ ባለው ሥፍራ፣ ጀርባው ወደ ምሥራቅ፣ ደጁ ወደ ምዕራብ ሆኖ ይተከል እንደነበር ጽፏል። ምክንያቱ የሃይማኖት ወይም የክብር ሊሆን ይችላል። ሆኖም በመካከለኛው ደጋ በበጋ ወራት የሚበዛው ነፋስ ከምሥራቅ የሚነፍስ ነው፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያዎችም የተዘረጉት ይህንኑ አቅጣጫ ተጠግተው ነው። ስለዚህ ደጁን ወደ ምዕራብ ያዞረ ድንኳን ነፋስን በአፉ አይቀበልም ነበር።

አዲስ አበባም የተወለደችው ከድንኳን ነው። ንጉሥ ምኒልክ በ1870ዎቹ በእንጦጦ ራስ ላይ ሠፍረው ከቆዩ በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. ሠፈሩ ወደ ፍልውሃ ወረደ፤ ለዚህም ከሚጠቀሱት ምክንያቶች መካከል የከፍታው ብርድና ነፋስ ይገኙባቸዋል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊትም ለወራት በየሠፈሩ ድንኳን እየተከለና እየነቀለ ተጉዟል። ከጨርቅና ከእንጨት የተሠራውን ያን ማደሪያ ያጸናው ክብደቱ አልነበረም፤ አውታሩና ካስማው ነበሩ።

በእኔ ዘመን የተዘነጋው ይኸው ነው። ካራቫን ብረት ለበስና ባለ ጎማ በመሆኗ ከባድ ትመስለናለች። እስቲ በስሌት እንየው። በሸጎሌ ከፍታ፣ ማለትም በ2,500 ሜትር ገደማ፣ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ይህ ግን ብዙ አያጽናናም፤ የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ በአራት እጥፍ ያድጋልና። ርዝመቷ 4 ሜትር፣ የጎኗ ቁመት 2.2 ሜትር፣ ክብደቷ 700 ኪሎ ግራም፣ በጎማዎቿ መካከል ያለው ስፋት 1.8 ሜትር የሆነች ቤት እንውሰድ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ጎኗን 200 ኪሎ ግራም ያህል ይገፋታል፤ ይህን ትችለዋለች። ፍጥነቱ 108 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ግን ግፊቱ ወደ 460 ኪሎ ግራም ከፍ ይላል፤ በዚያን ጊዜ የገዛ ክብደቷ ከመገልበጥ አያድናትም።

እንግዲህ መፍትሔው አባቶቻችን ያውቁት የነበረው ነው። ጠባቡን ፊቷን ወደ ነፋስ ማዞር ግፊቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ጎማዎቿን በታኮ መደገፍ፣ ክሪኮቹን በሰፊና በደልዳላ ሳንቃ ላይ ማሳረፍ፣ አራቱንም ማዕዘኖች ወደ ውጭ ባዘነበሉ ካስማዎች በብረት ገመድ መወጠር፣ ከባዱን ዕቃና ውሃውን ከወለል አጠገብ ማኖር፣ በደጅ የተዘረጋውን ሸራ አስቀድሞ ማጠፍ ይገባል። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነፋስን ያበርዳል፤ ነገር ግን ቢወድቅ እንዳይደርስብን ከቁመቱ አልፈን መራቅ አለብን። ይህ ሁሉ ተደርጎም ነፋሱ ከበረታ፣ ዓውሎው ሳይደርስ ወደ ጽኑ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ቤት መሄድ ነው። ቤት ይተካል፤ ሰው ግን አይተካም።

በማግሥቱ ከሽማግሌው ጋር ሆነን ስምንት ካስማ ቀበርን። መዶሻውን የያዝሁት እኔ ስሆን፣ የካስማውን ዝንባሌ ያስተካከሉት እርሳቸው ነበሩ። በየመንገድ ሥራውና በየግድቡ ሥፍራ ባልደረቦቻችንና ሠራተኞቻቸው ዛሬም በዚህ ዓይነት ቤት ያድራሉ። የድልድይ ምሰሶ ስንነድፍ የነፋስን ኃይል የምናሰላ መሐንዲሶች፣ ለምናድርባትና ሌላውን ለምናሳድርባት ጎጆም ያንኑ ጥንቃቄ ልንነፍጋት አይገባም።