ዛፉ ነበረ፣ የኛ ሰው አልነበረም

ዋሽንግተንና ዙሪያዋ የሚኖር ሐበሻ መጋቢት ከተጋመሰ በኋላ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ታይደል ቤዚን ይወርዳል። ውሃውን ከብበው የቆሙት የቼሪ ዛፎች ሲያብቡ፣ ለዳግም ትንሣኤ ሰርግ የደገሱ እጮኛሞች ፎቶ ሊነሱ፣ እናቶች የልጅ ልጅ አዝለው፣ እሑድ ከቅዳሴ የወጡ ወጣቶች ተጠራርተው ይመጣሉ። አዲስ የገቡ ልጆች ይህን ሲያዩ፣ ሐበሻ አሜሪካን ከረገጠበት ቀን ጀምሮ የነበረ ይመስላቸዋል። አልነበረም። እንዴት እንደተጀመረ የምናውቅ ሰዎች ደግሞ ቁጥራችን እያነሰ ነው። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

የዛፎቹን ታሪክ የፓርኩ ሰሌዳ ይናገራል። በ1912 እ.ኤ.አ. የቶኪዮ ከንቲባ ዩኪዮ ኦዛኪ 3,000 ያህል ችግኝ ለከተማዋ በስጦታ ላኩ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ሄለን ታፍትና የጃፓኑ አምባሳደር ባለቤት ተከሉ። ከዚያ በፊት የመጣው ችግኝ ተባይ ተገኝቶበት ተቃጥሎ ነበር። ይህን ማንም አንብቦ ይደርስበታል። የኛ ታሪክ ግን በየትኛውም ሰሌዳ ላይ አልተጻፈም።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ቦንጋ ነው። እዚህ የደረስኩት በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በሱዳን በኩል ነው። ያኔ ሐበሻ የሚገኘው አዳምስ ሞርጋን ነበር፤ 18ኛው ጎዳና ላይ እንጀራ ይሸጣል፣ ወሬ ይለዋወጣል፣ ሥራ ይፈለጋል። ሌሊት መኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ፣ ቀን ሆቴል የሚያጸዳ፣ በመሀል እንግሊዝኛ የሚማር ሰው አበባ የሚያይበት ጊዜ ከየት ያመጣል? ጊዜው የተገኘለትም ቢሆን ያፍር ነበር። አገር ቤት ጦርነትና ረሃብ ነበር። «አገር እየነደደ ምን አበባ ትላላችሁ» ብለው በአደባባይ የገሠጹን ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። አበባ ማየት የፈረንጅ ሥራ ነው ይባል ነበር።

ለኛ ለካፋ ልጆች ግን እንዲያ አልነበረም። ቦንጋ ያደገ ሰው አበባ ቀጠሮ እንደማያከብር ያውቃል። የበጋው ድርቅ ቡናውን ያቆየዋል፤ እንቡጡ ተቋጥሮ ዝናብ ይጠብቃል። በየካቲት ወይም በመጋቢት የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲጥል፣ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ጓሮው ሁሉ በአንድ ሌሊት ነጭ ሆኖ ያድራል። ሽታው የጽጌረዳ ሳይሆን የጃስሚን ዓይነት ነው፤ ሰው ቤት ውስጥ ተኝቶ እንኳ ያውቀዋል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይጠወልጋል። «ነገ አየዋለሁ» ያለ ሰው ዓመት ይጠብቃል። እኛ ልጆች ሳለን ከትምህርት ቤት ስንመለስ መንገድ የምናስረዝመው በዚያ ሳምንት ነበር፤ አባቶች ደግሞ ንቦቹን ሰምተው የዓመቱን ማርና የዓመቱን ቡና በአንድ ላይ ይገምቱ ነበር።

ታይደል ቤዚንን ለኛ የከፈቱልን አንዲት የካፋ እናት ናቸው። ሁላችንም እትዬ እንላቸው ነበር። ሆቴል ያጸዱ ነበርና ንጋት ላይ በአውቶቡስ ሲያልፉ ዛፎቹ ፈክተው አዩ። ከሥራ ቦታቸው ስልክ ደውለው «ተነሡ፣ አብቧል፣ ነገ አይቆይም» አሉን። ምን እንዳበበ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። የካፋና የጅማ ልጆች ተጠራርተን ሄድን። ሁዳዴ ስለነበር ቆሎና ሱፍ ፍትፍት ተያዘ፣ ቡናው በፔርሙስ ተቀዳ። እትዬ ጀበናቸውን ይዘው ከሰል ሊያቀጣጥሉ ሲሉ አንድ ጥበቃ መጥቶ ከለከለ፤ ያን ጊዜ እጅግ አዘኑ። ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ ቤታቸው ሦስቴ አፍልተው አቦል፣ ቶና፣ በረካውን በሦስት ፔርሙስ ለይተው ያመጡ ነበር። ዛሬ ሣሩ ላይ የፔርሙስ ቡና የሚያዞር ወጣት ሥርዓቱን ከማን እንደወረሰ አያውቅም።

ይህን ስናገር የሚቃወሙኝ አሉ። የታክሲ ሾፌሮች «እኛ ነን የጀመርነው» ይላሉ። ቦታውን ከኛ ቀድመው እንደሚያውቁት አልክድም፤ ቱሪስት ሲያመላልሱ ይውሉ ነበር። ነገር ግን መንገደኛ አውርዶ መመለስና ቤተሰብ ይዞ መቀመጥ አንድ አይደለም። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችም የራሳቸው ነው ይላሉ። እነሱ በብዛት መውጣት የጀመሩት ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ፣ ብዙ ቤተሰብ ከገባ ወዲህ ነው፤ መጀመሪያ ላይ እንዲያውም «በጾም ወራት ሽርሽር ምንድን ነው» ተብሎ ሽማግሌዎች ተነጋግረውበታል። እትዬ «የፈጣሪን ሥራ ማየት ጾም አይሽርም» ብለው ዝም ያሰኙበት ቀን እዚያው ነበርኩ። ከጅማ የመጣ አንድ ወዳጄ ደግሞ ከእትዬ ዓመት ቀድሞ ብቻውን ሄዷል ይላል፤ ቡና በካፋው ማንኪራ ነው ወይስ በጅማው ጮጬ የተገኘው እንደሚባለው ክርክር፣ የኔና የሱም ገና አላለቀም። ሰው ያስከተሉት ግን እትዬ ናቸው።

የሚያስቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማኅበር ስለ ሐበሻ ኑሮ በዋሽንግተን መጽሔት አሳተመ። የአበባው ልማድ በፎቶ ታጅቦ ገብቷል፤ የእትዬ ስም የለም፣ ካፋ የሚል ቃልም የለም። ይህ የለመድነው ነገር ነው። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው የጌሻ ቡና ዘር በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ በኩል ፓናማ ደረሰ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. እዚያ ውድድር ካሸነፈ ወዲህ ዓለም የሚያውቀው በፓናማ ስም ነው። ባዕድ ሲያደርገው አዘንን። የገዛ ወገናችን ሲደግመው ግን ያማል።

በመስከረም የሚደረገውም እንዲሁ ባለቤት አጥቷል። ድሮ ለእንቁጣጣሽ ከሱቅ የተገዛ ቢጫ አበባ ሁሉ አደይ ተብሎ ይያዝ ነበር። ከጎጃም የመጣች አንዲት እህታችን ግን ከአሌክሳንድሪያ በታች በፖቶማክ ዳር፣ ዳይክ ማርሽ በሚባለው ረግረግ፣ በመስከረም ቢጫ የሚለብስ አበባ አገኘች። ቁርጥ አደይ አበባን ይመስላል፤ የዕፅዋት አዋቂዎችም ሁለቱን ባይደንስ በሚባለው አንድ ወገን ውስጥ ነው የሚመድቧቸው። አህጉር ለያይቷቸው በአንድ ወር የሚያብቡ ዘመዳሞች ናቸው። ጥብቅ ቦታ ስለሆነ አይቀጠፍም፣ ይታያል እንጂ። ቦንጋ ላይ የካፋ ዘመን መለወጫ ማሽቃሬ ባሮ በሚከበርበት ወር እኛም እዚያ ቆመን መልካም ዘመን ተመኛኝተናል።

ለአዲስ መጪ የማውቀውን ላካፍል። የፓርኩ ሰዎች «ሙሉ አበባ» የሚሉት ከዮሺኖ ዛፎች አበባ 70 በመቶው ሲፈካ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመጋቢት 16 እስከ 27 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ሞቃት ክረምት ያፈጥነዋል፣ ነፋስና ዝናብ ያራግፈዋል። ቅዳሜና እሑድን ሳትጠብቁ፣ ንጋት ላይ በእግር ግቡ። በ2024 እ.ኤ.አ. የውሃ መከላከያ ግንቡ ሊታደስ ከ100 በላይ የቼሪ ዛፎች ተቆርጠዋል፤ እኛ የተቀመጥንባቸው ጥላዎችም ስላልቀሩ የድሮውን ቦታ ላሳያችሁ አልችልም። የቼሪው አበባ ካመለጣችሁ ሚያዝያ ከገባ በኋላ ቨርጂኒያ ውስጥ ቡል ረን ሂዱ፤ የጫካው ምድር በአበባ ሰማያዊ ይሆናል። በሚያዝያ ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ በናሽናል አርቦሬተም አዛሊያው ተራ ይይዛል።

አቅሙ ያላችሁ ግን በየካቲት መጨረሻ ቦንጋ ግቡ። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዝናቡ ከጣለ በኋላ ሳምንት ቆጥራችሁ ድረሱ፤ ከጥልቁ ጫካ ይልቅ የጓሮ ቡና ፀሐይ ስለሚያገኝ አበባው ይበዛል። የቡናው ሲረግፍ የገተማ ዛፍ ይከተላል፤ የካፋን ነጭ ማር የሚሰጠው እሱ ነው። ጫካው በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግቧል፤ ዛሬ ቆሞ የሚታየው ግን ከዚያ ብዙ ዘመን ቀድሞ ዛፍ በክብር የያዙ ሰዎች ስለጠበቁት ነው።

እትዬ አርፈዋል፤ የተቀበሩትም እዚሁ አሜሪካ ነው። ስማቸውን ያልጻፍኩት ልጆቻቸው ለራሳችን ይቆይ ስላሉኝ ነው። ማኅበራት ግን ቀጣዩን መጽሔት ስታዘጋጁ፣ በሕይወት ያለነውን ጠይቁን። ታክሲ የነዱትን፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የመሩትን፣ ያን የጅማ ሰውም ጭምር ጠይቁ፤ ይከራከሩኝ፣ ሁሉም ይጻፍ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን «ይህን ልማድ ያስጀመሩት ሆቴል ያጸዱ የነበሩ አንዲት የካፋ ሴት ናቸው» ተብሎ ይጻፍልኝ።