የማቅለሚያ ክፍሉ በሽታ እና የኬሞው ተራ

አቃቂ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያነሳው ወንዙን ነው፤ ሽታውን፣ ቀለሙን፣ አባ ሳሙኤል ድረስ የሚሸከመውን ጉድ። ቀለሙን ከወንዙ በፊት በእጁ የነካውን ሠራተኛ የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ስለ እሱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ1960 አካባቢ የሕንዱ ቢርላ አቃቂ ላይ በሽርክና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቋቋመ። በደመወዙ ቤት የተሠራበት፣ ልጅ የተማረበት ፋብሪካ ነውና ልከሰው አልተነሳሁም። የማነሳው የማቅለሚያ ሥራ በዓለም ላይ ያለውን ታሪክ ነው።

በ1895 ሉድቪግ ሬን የተባለ የፍራንክፈርት ቀዶ ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ። ፉክሲን የሚባለውን ቀለም ከሚያመርቱ 45 ሠራተኞች ሦስቱ የሽንት ፊኛ ዕጢ ይዟቸዋል። ሦስት ሰው ብቻ! ግን ከ45። ቤንዚዲንና ቤታ ናፍታይላሚን የተባሉት ኬሚካሎች በሠራተኞች ላይ ያደረሱትን በቁጥር ያሳየው የእንግሊዛዊው ሮበርት ኬዝ ጥናት የወጣው በ1954 ነው። መዘግየቱ አይግረማችሁ። ይህ በሽታ አይቸኩልም፤ ቀለሙን ከነካህ ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ፣ ጡረታ ወጥተህ ሳለ ይመጣል። ዛሬ ዋናው መንስኤ ሲጋራ ነው፤ የሚያጨስ ቀለም ቀቢ ደግሞ ሁለቱንም ተሸክሟል።

ካንሰሩ ከፊኛው ወጥቶ ከተሠራጨ ቀዶ ጥገና ብቻውን አይበቃም፤ ኬሞ ይገባል። ሐኪሞች ይህን ሕክምና በ«መስመር» ይቆጥሩታል፦ መጀመሪያ የሚሰጠው አንደኛ መስመር፣ እሱ እምቢ ሲል ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ።

አንደኛውን መስመር ለአርባ ዓመት ገደማ የያዘው ፕላቲነም ነው። ሲስፕላቲን የተገኘው በ1960ዎቹ ባርኔት ሮዘንበርግ ባክቴሪያ ላይ ኤሌክትሪክ ሲሞክር ነው፤ ባክቴሪያው መከፋፈል ያቆመው በኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከፕላቲነም ኤሌክትሮዱ በሟሟው ነገር ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከሌሎች ሦስት መድኃኒቶች ጋር ተጣምሮ ለፊኛ ካንሰር ዋለ፤ በ2000 ደግሞ ከጀምሲታቢን ጋር ብቻ ሲሰጥ ዕድሜ ላይ ያን ያህል ለውጥ ሳያመጣ ሥቃዩን እንደሚያቀል ታወቀ።

ሁለተኛው መስመር ግን ለረጅም ጊዜ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ፓክሊታክሴልና ዶሴታክሴል ይሞከራሉ፤ አንዳንዱን ይረዳሉ፣ ብዙውን አይረዱም። በ2009 አውሮፓ ቪንፍሉኒንን ፈቀደች። 370 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት መድኃኒቱን የወሰዱት አማካይ ዕድሜ 6.9 ወር፣ ድጋፍ ብቻ ያገኙት 4.6 ወር ሆነ። ልዩነቱ በሁሉም ተሳታፊዎች ሲሰላ አልጸናም፤ አሜሪካም አልፈቀደችውም። ለሁለት ወር ልዩነት ስንት የደም ማነስ፣ ስንት የሆድ ድርቀት! ከቤተሰቡ ጋር ለመክረም የሚሻ ሕመምተኛ ግን ሁለት ወርን አይንቅም፤ እኔም አልንቅም።

በ2017 ፔምብሮሊዙማብ መጣ፤ እነዚህን የሁለተኛ መስመር ኬሞዎች 10.3 ለ7.4 ወር በለጣቸው። ቀጥሎ ኢንፎርቱማብ ቬዶቲን። ሁለቱ ተጣምረው ከፕላቲነም ኬሞ ጋር ሲወዳደሩ ውጤቱ 31.5 ለ16.1 ወር ሆነ፤ በ2023 መጨረሻም አሜሪካ ለአንደኛ መስመር በሙሉ ፈቃድ አጸደቀቻቸው።

ስለዚህ ወረፋው ተገለበጠ። በሀብታም አገር አንጋፋው ፕላቲነም ወደ ኋላ ተራ ወርዷል። በእኛ ዘንድ ግን የአዲሶቹ ዋጋ በጡረታ ገንዘብ የሚታሰብ አይደለምና ፕላቲነም መጀመሪያም ነው፣ ብዙ ጊዜም መጨረሻ። እሱንም ለማግኘት ኩላሊት ያስፈልጋል፦ ዘግይቶ የመጣ ዕጢ የሽንት ቱቦውን ይዘጋል፣ ኩላሊት ይደክማል፣ ሲስፕላቲን ይከለከላል። ያኔ የሚቀረው ደካማው ወንድሙ ካርቦፕላቲን ነው።

ሕመም የሌለው ደም በሽንት አንድ ቀን ታይቶ ለወር ይጠፋል፤ «ብርድ ነው» ተብሎም ይታለፋል። የአቃቂ ሽማግሌ ይህን ይዞ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ከምርመራው ጋር አንድ ጥያቄ ይጨመርለት፦ «አባቴ፣ ፋብሪካ በነበሩበት ጊዜ የትኛው ክፍል ነበር የሚሠሩት?»