አረጋውያኑ ሲጠየቁ ምን አሉ?

እህቶቼ፣ ለቤት ሥራ ተቀጥረን መጥተን የማዳምን እናት የምንጦር ስንቶቻችን ነን? እኔ አንዷ ነኝ። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን «እጠቢያቸው» ተባልኩ። እንዴት እንደሚነሱ ያሳየኝ ሰው የለም። ብብታቸውን ይዤ ስጎትት እሳቸው ጮኹ፣ የእኔም ወገብ ተያዘ። ያን ሌሊት «ሰው መያዝ አልችልም ማለት ነው» ብዬ አለቀስኩ።

የሚከተለውን ታሪክ ሳውቅ ግን ሐሳቤ ተለወጠ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ መንግሥት ለአረጋውያንና ለድሆች ሕክምና እንዲከፍል በ1965 ሕግ ከወጣ በኋላ የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች በዙ። ገንዘቡ ገባ፣ እንክብካቤው ግን እኩል አልሄደም። በብዙ ቤቶች ሰዎች ከወንበርና ከአልጋ ጋር ይታሰሩ ነበር፤ እንዳይረብሹ ተብሎም በመድኃኒት ይደነዝዙ ነበር። የሚያጥቧቸውና የሚያበሏቸው በአብዛኛው ነርሶች አልነበሩም፤ ደመወዛቸው ትንሽ የሆነ ረዳቶች ናቸው፣ አብዛኞቹም ሴቶች።

ኤልማ ሆልደር የምትባል ሴት በ1975 ለነዋሪዎቹ የሚሟገት ማኅበር አቋቋመች። ማኅበሩ በ1985 ባወጣው ጥናት በ15 ከተሞች ከ400 በላይ ነዋሪዎችን ስለ ጥሩ እንክብካቤ ጠየቀ። እኛ ብንሆን ስለ ምግቡ ወይም ስለ ክፍሉ ያወራሉ ብለን እንገምት ነበር አይደል? እነሱ ግን ከሁሉ በላይ ያነሡት ሠራተኛውን ነው፦ ደግ የሆነ፣ የሠለጠነ፣ ቁጥሩም የሚበቃ ሠራተኛ።

በ1987 መጨረሻ አዲስ ሕግ ወጣ። ረዳት ሆኖ ለመሥራት ቢያንስ 75 ሰዓት ሠልጥኖ መፈተን ግድ ሆነ። ለቅጣት ወይም ለሠራተኛው ምቾት ብሎ ሰው ማሰርም ተከለከለ። ሕጉ ሁሉንም ችግር አልጨረሰም፤ የሠራተኛ እጥረቱ ዛሬም አለ። ማሰር ግን በጣም ቀነሰ። አሜሪካ ያሉ ብዙ እህቶቻችንም ዛሬ ይህን ሥልጠና ወስደው በዚሁ ሥራ ይተዳደራሉ።

እኛስ? 75 ሰዓት ቀርቶ አንድ ሰዓት የሰጠን የለም። «ሴት ነሽ፣ ትችያለሽ» ነው የተባልነው። ይህ ታሪክ የሚነግረን የእኛ ሥራ ትምህርት የሚጠይቅ ሙያ መሆኑን ነው። ካልተማርን ሁለት ሰው ይጎዳል፣ የምንይዛቸውም እኛም።

እኔ አሁን ብብት አልጎትትም። መጀመሪያ «ላንሳዎት?» እላቸዋለሁ። ከዚያ በጎን አዞራቸዋለሁ፣ እግራቸውን ከአልጋ አወርዳለሁ፣ ቀስ ብለው ቁጭ ይላሉ። ይህን ያሳየችኝ ከእኛው መካከል ያለች እህት ናት።

ለውይይት፦ አንቺ ያለ አስተማሪ፣ በስህተት የተማርሽው ምንድን ነው? ለአዲስ መጪዋ ዛሬ ምን ታሳያታለሽ?