ከማርቆስ አዲስ አበባ ስትገቡ፦ ታክሲ፣ ባቡርና አውቶቡስ እንዴት ይያዛል?

ማርቆስ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ባጃጅ ታስቆማላችሁ፣ የምትሄዱበትን ትናገራላችሁ፣ አለቀ። አዲስ አበባ እንደዛ አይሰራም። ሚኒባስ ታክሲው የራሱ መስመር አለው፤ እናንተ ናችሁ የምትፈልጉትን መስመር ፈልጋችሁ የምትገቡት። ይሄን ያልያዘ ሰው ለህክምና ቀጠሮ ወይም ለሥራ ፈተና ሄዶ ግማሽ ቀኑን አስፋልት ላይ ይጨርሳል። ካልሆነም ለሳምንት የያዘውን ብር በመጀመሪያው ቀን ለኮንትራት ይከፍላል።

ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመንገዱን ሰላም ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ያሉ ሹፌሮችን ጠይቁ፣ የዕለቱን ሁኔታ ከነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አባይ በረሃን ወጥታችሁ፣ ጎሃ ጽዮንን፣ ፍቼንና ሱሉልታን አልፋችሁ በእንጦጦ በኩል ስትወርዱ አዲሱ ገበያን ታገኛላችሁ። ብዙ እንግዳ ባለማወቅ መርካቶ ድረስ ይሄዳል። የምትፈልጉት ፒያሳ ወይም 4 ኪሎ ከሆነ ግን አዲሱ ገበያ ወርዶ ታክሲ መያዝ ይቀላል፣ ሻንጣ ተሸክሞ መርካቶ ከመጋፋትም ያድናል። ሹፌሩ እንዲያቆምላችሁ ገና ሱሉልታ ሳላችሁ ንገሩት።

አሁን ዋናው ነገር። ከተማው የተያያዘው በጥቂት መጋጠሚያ ቦታዎች ነው፦ ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ሜክሲኮ፣ መገናኛ፣ ቦሌ፣ ጦር ኃይሎች፣ ሳሪስ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚጭን ታክሲ አይጠፋም፣ ወደ ትንንሾቹ ሰፈሮች የሚሄደውም ከነዚህ ይነሳል። ስለዚህ ዘመድ ጋ ስትደውሉ «ሰፈራችሁ የት ነው?» ብቻ አትበሉ። «ከየትኛው መጋጠሚያ ነው ታክሲ የምይዘው? ረዳቱ ምን ብሎ ነው የሚጠራው? የት ጋ ነው ወራጅ የምለው?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ጽፋችሁ ያዙ። አያት የሚሄድ ሰው መጀመሪያ መገናኛ ይደርሳል። ጥቁር አንበሳ የሚሄድ ፒያሳ ከደረሰ በኋላ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል መውረድ ነው፣ ጤነኛ ሰው በእግሩም ይደርሳል። ጳውሎስ ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ ከመርካቶ ወደ አስኮ የሚሄደው መስመር በበሩ ያልፋል።

የቦታ ስም ላይ ተጠንቀቁ። «ቦሌ» ብቻውን አድራሻ አይደለም። ቦሌ ሚካኤል፣ ቦሌ ቡልቡላና ቦሌ አራብሳ የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፤ አራብሳማ የከተማው ጫፍ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከኤርፖርቱ ቦሌ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ነው። «ሚካኤል ጋ እጠብቅሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁም የየትኛው ሰፈር ሚካኤል እንደሆነ ሳታጣሩ አትነሱ። ቁጥሮችም የሰፈር ስም ናቸው፦ 22፣ 18፣ 6 ኪሎ። ረዳቱ «ሃያ ሁለት! ሃያ ሁለት!» ሲል ዋጋ እየጠራ አይደለም።

ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሱ ላይ ከመግባታችሁ በፊት «መጨረሻው ድረስ ነው?» በሉ። በተለይ ሰው በሚበዛበት ሰዓት አንዳንዱ መስመሩን ቆራርጦ ይጭናል፤ መሃል ላይ ያወርዳችሁና ለቀሪው እንደገና ትከፍላላችሁ። ታሪፉ በርቀት ስለሆነ አጠገባችሁ የተቀመጠውን «ወንድም፣ እስከ መገናኛ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ የከተማው ሰውም ታሪፍ ሲቀየር ይጠይቃል። ዝርዝር ብር ያዙ። ረዳቱ «ሂሳብ» ሲል ትሰጣላችሁ፣ ከኋላ ከሆናችሁ ከፊት ባለው ሰው ታስተላልፋላችሁ። መልስ ሲያጣ ለሁለት ሰው አንድ ብር ሰጥቶ «ተካፈሉ» ሊላችሁ ይችላል፤ የተለመደ ነው፣ አብሯችሁ የሚወርደውን ሰው ብቻ እንዳትለቁት። መውረጃችሁ ሲቃረብ ጮክ ብላችሁ «ወራጅ አለ!» በሉ። አፍራችሁ ዝም ካላችሁ ታክሲው አልፏችሁ ይሄዳል።

ስልካችሁ እዚህ ጋ ይጠቅማል። ማርቆስ ዋይፋይ ባለበት ቦታ የአዲስ አበባን ካርታ ቀድማችሁ አውርዱ። ካርታው የትኛው ታክሲ እንደሚሻል ባይነግራችሁም የት እንደደረሳችሁ ሰማያዊዋ ነጥብ ታሳያችኋለች፣ ወራጅ የምትሉበትንም ታውቃላችሁ። ክፍት መስኮት አጠገብ ግን ስልክ አትያዙ፤ ታክሲ ሲቆም መንትፎ የሚሮጥ አለ። ሌላው የሌባ ሰዓት ለመግባት የምትጋፉበት ቅጽበት ነው። ቦርሳ ወደ ፊት፣ ስልክ በእጅ ሳይሆን ውስጥ ኪስ። «ልብስህ ላይ ቆሻሻ አለ» ወይም «ብር ጣልክ» የሚል የማታውቁት ሰው ሲጠጋችሁ ቁሙና ኪሳችሁን ያዙ።

ባቡሩ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መስከረም ነው፣ ሁለት መስመር አለው። አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። ሁለተኛው መስመር አውቶቡስ ተራና ጎጃም በረንዳ የሚባሉ ጣቢያዎች አሉት፤ የአገራችሁን ስም እዛ ስታገኙት ደስ ይላል፣ ግን መርካቶ ዙሪያ ስለሆነ ደስታው ኪሳችሁን እንዳያስረሳችሁ። እንግዳ የሚሳሳተው ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው ክፍል ነው። እዛ ሁለቱም መስመሮች በአንድ ሐዲድ ላይ ይሄዳሉ፣ ከአንድ መቆሚያም ይጫናሉ። ስለዚህ ከሜክሲኮ ወይም ከለገሀር ስትሳፈሩ መጀመሪያ የመጣው ላይ አትዝለሉ፤ ወዴት እንደሚሄድ ፊቱ ላይ አንብቡ ወይም ጠይቁ። ትኬት ከመግባታችሁ በፊት ከጣቢያው ይቆረጣል፣ እስክትወርዱም አትጣሉት። በመለዋወጫ ችግር የቆሙ ባቡሮች ስላሉ ጥበቃውና ግፊያው ይበዛል፤ ሰዓት የተቆረጠለት ቀጠሮ ያለው ሰው ባቡር ላይ ብቻ ባይተማመን ይሻላል።

አንበሳና ሸገር አውቶቡሶች ከታክሲ ይረክሳሉ። ችግራቸው መጠበቁ ነው። ቁጥሩንና መድረሻውን ፊት ለፊት አይታችሁ ነው የምትገቡት።

ዕቃ ከበዛ፣ ከመሸ ወይም በሽተኛ ይዛችሁ ከሆነ ራይድ፣ ፈረስ ወይም ዛይራይድ ጥሩ። አፑ ባይኖራችሁም ራይድን በ8294፣ ፈረስን በ6090 ደውላችሁ መጥራት ትችላላችሁ። የታርጋ ቁጥሩን ሳታመሳክሩ አትግቡ። ሹፌሩ «አፑን እንዝጋውና እንስማማ» ካለ ዋጋውም፣ የት እንዳላችሁ የሚያውቀው መዝገብም አብሮ ይጠፋል፤ እምቢ በሉ። መናኸሪያ በር ላይ ሻንጣችሁን ቀድሞ አንስቶ «ልውሰዳችሁ» የሚል ባለ መኪና ካለም ሻንጣውን ተቀበሉትና ዋጋ ሳትስማሙ አትሳፈሩ።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3፣ ከምሽቱ 11 እስከ 1 ሰዓት ያለው ሰልፍ ረጅም ነው። የጠዋት ቀጠሮ ካላችሁ ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት ውጡ። ሰልፉ ላይ ተራ አትዝለሉ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ የተጋፋን እንግዳ የሚምር የለም።