የዘቢዳር ውኃና የጉራጌ ሽማግሎች ሕግ

በጉራጌ አገር ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋው የተራራ ሰንሰለት፥ ቁመቱ ከባሕር ወለል ከ3600 ሜትር የሚያልፈውን ዘቢዳርን በመካከሉ ይዞ፥ የኢትዮጵያን ውኆች ከሚከፍሉት ጀርባዎች አንዱ ነው። በምሥራቁ ገጽ የወረደው ዝናም በቡታጅራ በኩል አልፎ ወደ መቂ ወንዝ ይገባና ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይፈስሳል። በምዕራቡ ገጽ የወረደው በዋቤ ወንዝ ሆኖ በወልቂጤ አቅራቢያ ያልፋል፤ ከግቤም ጋራ ተቀላቅሎ፥ ኦሞ ተብሎ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። በሰሜኑ ጥግ የሚወርደው ደግሞ ለአዋሽ ይገብራል። ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ ስንኳ ወደ ባሕር አይደርስም። የዝዋይ ትርፍ በአብያታ፥ አዋሽ በአቤ፥ ኦሞም በቱርካና ይቀራሉ። ተራራው የለቀቀው ውኃና አፈር ሁሉ በመንገዱ ካለ ሰው እጅ ወይም በአንድ ሐይቅ ሆድ ውስጥ ይገኛል ማለት ነው።

ይህን ነገር ካህናትም ሊመለከቱት የሚገባ ነው። መቂ በሚገባበት በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ከነዚህም በቱሉ ጉዶ ያለችው ደብረ ጽዮን፥ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰዳ የተቀመጠችባት ስፍራ ናት ተብሎ በትውፊት ይነገራል። የሐይቁ ስፋት ብዙ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ጥቂት ነው። እንግዲህ በክረምት መቂ ቀልቶ ሲወርድ የሚሸከመው አፈር በተራራው ትከሻ ላይ የገበሬ እርሻ የነበረው ነው፤ የሚያርፈውም በዚያ ሐይቅ ነው። በተራራው ላይ መጥረቢያ ያነሣ ሰውና በደሴቱ ለማሕሌት የቆመ ደብተራ ሳይተዋወቁ በአንድ ውኃ ተሳስረዋል። ቤተ ክርስቲያን በመስተብቍዕ ስለ ዝናምና ስለ ወንዞች ውኃ ስትለምን፥ ልመናው ከምንጩ ጠባቂ ከገበሬው ሥራ ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

የቀድሞው የጉራጌ ሰው ስለ ወንዝ ብቻ የተጻፈ ሕግ አልነበረውም፤ ነገር ግን አሠፋፈሩ ራሱ የውኃ ጥበቃ ነበረ። ጀፎረ የሚባለው በመንደሩ መካከል የሚያልፍ፥ በሣር የተሸፈነ ሰፊ ጐዳና ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ መልሰው በሰልፍ ይቆማሉ፤ ከየቤቱ ጀርባ እንሰት፥ ከእንሰቱም በስተኋላ እርሻና ግጦሽ ይከተላል። በጀፎረው ላይ ጥጃ ይሠማራል፥ ሙሽራ ይሸኛል፥ ለቅሶ ይቆማል፥ የመስቀል ደመራ ይደመራል፥ ሽማግሌ ተቀምጦ ይዳኛል። መሬቱ የመንደሩ ሁሉ ነውና ማንም አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ፊት ቢገፋ ከጎረቤቱ ጋራ ብቻ ሳይሆን ከመንደሩ ሁሉ ጋራ ይከራከራል።

ከከተማ የመጣ እንግዳ ይህን ስፋት ሲያይ፥ መሬት እንዲህ በጠበበበት አገር ለምን ይባክናል ብሎ ይደነቅ ይሆናል። ነገሩ ግን ክረምት ሲገባ ይገለጣል። ከጣራና ከደጃፍ የሚወርደው ጎርፍ ሣሩ ላይ ሲደርስ ጕልበቱ ይሰበራል፥ ይዘገያል፥ ወደ መሬት ይሰርጋል። እንሰትም እንደ አገሩ ብርድና ሙቀት ለመብል እስኪደርስ ብዙ ዓመት ስለሚቆይ፥ ከሥሩ ያለው መሬት እንደ ጤፍ ማሳ በየዓመቱ ተገልብጦ ራቁቱን ለዝናም አይሰጥም። ሰፊው ቅጠል ጠብታውን ይቀበላል፤ ከከብቱ በረት የሚወጣው ፍግም አፈሩን ያወፍረዋል። አሜሪካዊው የባህል ተመራማሪ ዊልያም ሻክ ስለ ጉራጌ በ1966 በፈረንጆች አቈጣጠር ያሳተመው መጽሐፍ የሕዝቡን ኑሮ በእንሰት ዙሪያ አድርጎ ማስረዳቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሻክ የተመለከተው ይበልጡን ማኅበራዊውን ኑሮ ነው። ያው ተክል ግን ቤተ ሰቡን ሲመግብ ተራራውንም ይዞ ይኖር ነበር።

ሕጉን የሚጠብቁት ሽማግሎች ናቸው። በሰባት ቤት ጉራጌ ከፍተኛው ጉባኤ በየጆካ ይቀመጣል፤ የሚፈርድበትም ሥርዐት ቅጫ ይባላል። በክስታኔ ደግሞ የጎርደና ሴራ አለ። ይህ ሕግ በብራና አልተጻፈም፤ ወኅኒ ቤትም ዘበኛም የለውም። ኀይሉ በካሣና በመለየት ነው። ፍርድ ያልተቀበለ ሰው ከማኅበር ይለያል፤ ብቻውን ቀርቶ የሚኖር ሰው ደግሞ በዚያ አገር የለም፤ ቤት ሲሠራም ሰው ሲቀበርም የሚደርሰው መንደሩ ነውና። ጉባኤው ኦርቶዶክሱንም ካቶሊኩንም ሙስሊሙንም በአንድ ጥላ ሥር ማስቀመጡ ከብዙ የጽሕፈት ሕጎች ይልቅ ዕድሜ ሰጥቶታል።

ዛፉን በተመለከተ ሌላ ጠባቂም ነበረ። በሶዶ የምድረ ከብድ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፥ በምሑርም ምሑር ኢየሱስ የታወቁ ገዳማት ናቸው፤ በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚታየው ጽድና ወይራ ብዙ ጊዜ ለአካባቢው የቀረው የመጨረሻው ደን ነው። ሙስሊሞቹም እንደ አብሬት ያሉ የከበሩ ስፍራዎች አሏቸው። ከዚህ ቀደም ብሎ ግን ሕዝቡ ቦዠ ብሎ የሚፈራው የመብረቅ አምልኮ ነበረ፤ በቦዠ ስም የተከለለውን ንብረት የነካ ቤቱ በመብረቅ ይቃጠላል ይባል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ይህን አትቀበለውም፤ ይሁን እንጂ ታሪክ ጸሓፊ የሆነውን መናገር አለበትና፥ ያ ፍርሀት ብዙ ዛፍ ከመጥረቢያ አድኗል። ወንጌል ሲሰበክ ፍርሀቱ ጠፋ፤ በምትኩ የፍጥረት ፍቅር በሰባኪው አፍ እኩል አለመተከሉ ግን የመምህራን ጕድለት ነው።

ሰባት ቤት ጉራጌ በ1881 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ ሁለት ነገሮች ተከተሉ። የመጀመሪያው የሰዉ ወደ አዲስ አበባ መፍለስ ነው፤ ሁለተኛውም የባሕር ዛፍ መምጣት ነው። ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚሁ በምኒልክ ዘመን፥ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ፥ ማገዶ ያጣችውን አዲስ አበባን ለመርዳት ነበረ። ከዚያ ወደ ጉራጌ ተሻግሮ በእንሰቱ ጀርባ፥ በገደሉ፥ በወንዙ ዳር፥ በመጨረሻም በጀፎረው ጠርዝ ላይ ቆመ። በዚህ ዛፍ ላይ የሚወርደው ውግዘት ሁሉ እውነት አይደለም። ጣውላውና አጣናው ለገበሬው ጥሬ ገንዘብ ሆኖ ልጅ አስተምሯል፥ ቤት አቁሟል፤ እርሱ ባይኖር ኖሮ የቀረው ወይራና ዝግባ ቀድሞ ባለቀ ነበር። ጥፋቱ በቦታው ነው። በደረቅ ኮረብታ ላይ ሲተከል አገልጋይ ነው፤ በምንጭ ራስ ላይ ሲተከል ግን ጥልቅ ሥሩን ሰድዶ ምንጩን ይጠጣል፥ ከሥሩም ሣር አያበቅልም። ጀፎረው ጎርፉን ያቆም የነበረው በሣሩ ነበረ።

ከዚህ በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው ዐዋጅ መጣ። ጭሰኛን ነፃ ያወጣ ዐዋጅ ስለሆነ ምስጋናው አይቀርበትም። ነገር ግን መሬትን የማከፋፈልና የመዳኘት ሥልጣን ከሽማግሎች ወደ ገበሬ ማኅበር ስለ ተዛወረ፥ ትናንት የሁሉም የነበረው ጀፎረ ዛሬ ገና ያልተደለደለ ባዶ መሬት መስሎ ታየ። እዚህ ለአንድ ወጣት የቤት ቦታ፥ እዚያ ለአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ እየተባለ ተቈረሰ። ከላይም ሕዝብ ሲበዛ የገብስና የድንች እርሻ አስታው ወደሚበቅልበት ወደ ተራራው ትከሻ ወጣ። በቀድሞው ጊዜ የዝናሙን ውኃ ይዞ እስከ በጋ ቀስ እያለ የሚለቀው ይኸው የላይኛው መሬት ነበረ። ሲታረስ ግን ክረምቱን በአንድ ቀን አውርዶ በጋውን ባዶ እጁን ይቀመጣል።

የውኃ ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ወልቂጤ ትመስክር። ከተማዪቱ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ በ158 ኪሎ ሜትር ላይ ያለች ናት፤ በአቅራቢያዋ ዋቤ ይወርዳል፤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮም ዩኒቨርሲቲ አላት። ሆኖም ነዋሪዎቿ ለብዙ ዘመን የሚጠጡት ውኃ ተቸግረው፥ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ጩኸታቸውን ለማሰማት አደባባይ ወጡ፤ የጸጥታ ኀይሎችም በተኰሱት ጥይት የሰው ሕይወት እንደ ጠፋ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ለዚህ ሁሉ ተራራውን ብቻ መክሰስ አይገባም፤ የቧንቧና የጕድጓድ፥ የመብራትና የበጀት ነገር አለበት። ቢሆንም የመንግሥት መሐንዲስ የቱንም ያህል ቧንቧ ቢዘረጋ፥ በቧንቧው የሚገባው ውኃ ከዚያው ተራራ የሚመጣ ነው። በውኃ ምክንያት ሰው የሞተበት ከተማ የምንጩን ነገር የገበሬ ጕዳይ ነው ብሎ ሊተወው አይችልም።

መንግሥትም ይህን አልዘነጋውም። ከ1966ቱ ረኀብ በኋላ በእህል ክፍያ የእርከን ሥራ ተጀመረ፤ በ1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ራሱ የሚሳተፍበት የተፋሰስ ልማት መመሪያ ወጣ፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአገሪቱ ሁሉ በበጋ ወራት ገበሬው ያለ ክፍያ ወጥቶ እርከን እንዲቈፍር፥ ክትር እንዲሠራ፥ የተጐዳውንም ኮረብታ ከከብት ንክኪ ከልሎ እንዲያቆየው ተደረገ። በዚህ ሥራ የደረቀ ምንጭ እንደሚመለስ በትግራይ አብርሃ ወአጽብሃ የተባለው መንደር አሳይቷል፤ ስለዚህም በ2012 በፈረንጆች አቈጣጠር ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ሽልማት ተቀብሏል። ነገር ግን የዘመቻ እርከን ሁሉ ዕድሜ የለውም። በትእዛዝ የተቈፈረው በክረምቱ ይደረመሳል፤ የተከለለው ኮረብታም ጠባቂው ዞር ሲል ከብት ይገባበታል። ቍፋሮው የጥቂት ሳምንት ጕልበት ነው፤ ከብት ከልክሎ ዐሥር ዓመት መቆየት ግን የጎረቤት ፍርድ ያስፈልገዋል፤ እርሱም በቅጫና በሴራ እጅ ያለ ነገር ነው። የግብርና ሠራተኛው ዕቅዱን ይዞ አስቀድሞ ወደ ሽማግሎቹ ቢሄድ፥ ከዘመቻው በኋላም ኮረብታውን የሚጠብቅለት ባገኘ ነበር።

ጉራጌ ለተባበረ ሥራ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ፥ በአዲስ አበባ ያለው ነጋዴና ሠራተኛ ገንዘብ፥ በአገር ያለው ገበሬ ከጥቂት ብሩ ጋራ ጕልበቱን እያዋጣ ብዙ ኪሎ ሜትር መንገድ አውጥቷል። ያ መንገድ ሰውን ከተራራው ወደ ከተማ አወረደ፤ አጣናውንም አብሮ አወረደ። በዚያን ጊዜ ለጐዳናው መዋጮ የወሰነ ጉባኤ፥ በላይ ያለው ገበሬ ገደሉን ማረስ ትቶ በሣርና በእንሰት እንዲያቆየው በታች ያለው ከተሜ የሚከፍለውን ድርሻ መወሰን አይሳነውም ነበር። ተራራውን የሚጠብቀው ገበሬ ጥቅሙን ከሚያገኘው ሰው ምንም አይቀበልም፤ ነገሩ የሚከብደውም በዚህ ነው። ከዋቤ በታች፥ በኦሞ ላይ፥ ቁመቱ 243 ሜትር የሆነው የግቤ ሦስተኛ ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቆ መብራት ይሰጣል፤ የዘቢዳር አፈርም ወደ ሆዱ ይገባል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አስተዳደሩ ተለውጧል። ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፥ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነዋል። ተራራው በሁለቱ መካከል ቆሟል፤ አንዱ ፊቱን ወደ ዋቤ፥ ሌላው ወደ መቂ አድርጎ ይመለከታል፤ ከታችም መቂ ወደ ኦሮሚያ ክልል ይሻገራል። የወረዳና የዞን ድንበር በተሠመረ ቍጥር የእርከኑ ዕቅድ በድንበሩ ላይ ይቆማል፤ ጎርፉ ግን አይቆምም። የሽማግሎቹ ጉባኤያት ከነዚህ ድንበሮች ሁሉ የቈዩ ናቸው።

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ በየከተማው ያለው የጉራጌ ልጅ ለመስቀል ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ወሩ ወንዞቹ ገና ሙሉ፥ ሣሩም ያልደረቀበት ነው። ክትፎው ከተበላ፥ ደመራውም ከነደደ በኋላ ሽማግሎቹ በጀፎረው ላይ ይቀመጣሉ፤ የዓመቱ ጠብ ይታረቃል፥ የመንደሩ መዋጮ ይወሰናል፥ ከአዲስ አበባ የመጣውም ድርሻውን ቈጥሮ ይሰጣል። የእርከኑ ቍፋሮ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ፥ መኸሩ ሲሰበሰብ፥ በጥር ነው።