የሩቅ ገበያ ዳፋ በአርሶ አደሩ ጓሮ
ኮታ፣ ቀረጥና የዋጋ መዋዠቅ በቡና ታሪክ

ቡና የአገራችን የኢኮኖሚ ዋልታ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። አርሶ አደሩ፣ እሸት ለቃሚው፣ የመፈልፈያ ጣቢያ ሠራተኛው፣ በመጋዘን ውስጥ ቡና የሚለቅሙት እናቶች፣ ሾፌሩ፣ አቅራቢውና ላኪው ሁሉ ኑሯቸውን የመሠረቱት በዚሁ ተክል ላይ ነው። ይሁን እንጂ የቡና ዋጋ የሚቆረጠው ቡናው በበቀለበት ቀበሌ አይደለም። በኒውዮርክ ገበያ የሚሰማ ወሬ፣ በብራዚል የሚወርድ ውርጭ ወይም በአንድ ሩቅ አገር መንግሥት የሚጣል ቀረጥ ወራት ሳይቆጠር አርሶ አደሩ ጓሮ ይደርሳል። ያለፈውን ታሪክ መለስ ብሎ መመልከት የሚጠቅመውም ይህ አመጣጡ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ነው።

ኮታ የነበረበት ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1962 አምራች አገሮችና ገዥ አገሮች ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ተፈራረሙ። የስምምነቱ ዋና ሐሳብ እያንዳንዱ አምራች አገር ለገበያ የሚያቀርበውን መጠን በኮታ በመወሰን ዋጋ ከልክ በላይ እንዳይወርድ መከላከል ነበር። ኢትዮጵያም አባል ነበረች። ኮታው አልፎ አልፎ ቢቋረጥም ዋጋን በተወሰነ ደረጃ አረጋግቶ እንደቆየ ይታመናል።

ነገር ግን የዓለም ዋጋ መረጋጋት ብቻውን ለአርሶ አደሩ ጥቅም ዋስትና አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1975 የብራዚልን የቡና ማሳ ውርጭ ካጠፋው በኋላ ዋጋው ሰማይ ነክቶ በ1977 ከፓውንድ 3 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ወቅት በአገር ውስጥ ግብይቱን በአብዛኛው የያዘው የመንግሥት ኮርፖሬሽን ሲሆን፣ በወጪ ቀረጥና በተጨማሪ ታክስ መልክ የሚቆረጠው ገንዘብ ከፍተኛ ነበር። በደርግ ዘመን አርሶ አደሩ ቡናው በውጭ ከተሸጠበት ዋጋ ግማሹ እንኳ አይደርሰውም ነበር። በመሆኑም አምራቹ አዲስ ችግኝ ለመትከልም ሆነ ያረጀውን ተክል ለመጎንደል የሚያነሳሳው ነገር አልነበረም። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ቀረጥ በውጭ መንግሥት ብቻ የሚጣል ሳይሆን ከቤትም የሚነሳ ሸክም መሆኑን ነው።

ስምምነቱ ሲፈርስ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1989 አባል አገሮች በኮታ አከፋፈል ላይ መስማማት ስላልቻሉ የስምምነቱ የኮታ ክፍል ታገደ። በየአገሩ ተከማችቶ የነበረው ቡና በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ጎረፈ። በዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት አማካይ ዋጋ መሠረት በ1988 በፓውንድ 116 ሳንቲም ገደማ የነበረው ዋጋ በ1992 ወደ 53 ሳንቲም ወረደ። ይህ በ17 ኪሎ ፈረሱላ ሲሰላ ከ43 ዶላር በላይ የነበረው ወደ 20 ዶላር ዝቅ አለ ማለት ነው።

በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የብር ምንዛሪ ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር በመለወጡ ላኪው ለአንድ ዶላር የሚያገኘው ብር ከእጥፍ በላይ ሆነ። ይህም የውድቀቱን ሕመም በመጠኑ አስታገሰው። ዳሩ ግን በዚያው ሰሞን በደርግ ዘመን በግዴታ የተደራጁት ብዙዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ንብረታቸው ተዘርፎና ፈርሰው ስለነበር አርሶ አደሩ ገበያውን የተጋፈጠው ለየብቻው ነው።

የሁለት ሺህ አንዱ ቀውስ

እ.ኤ.አ. በ1994 በብራዚል በደረሰው ውርጭ ምክንያት ዋጋ እንደገና አንሰራራ። በ1997 አማካይ ዋጋው በፓውንድ 134 ሳንቲም ገደማ ነበር። በዚህ የተበረታቱ አገሮች ማሳቸውን አስፋፉ። በተለይ ቬትናም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዓለም ሁለተኛዋ አምራች ለመሆን በቃች። የተተከለው ቡና ለፍሬ ሲደርስ ግን ገበያው ሞላ፤ በ2001 አማካይ ዋጋው ወደ 46 ሳንቲም ወደቀ። በአራት ዓመት ውስጥ የአንድ ፈረሱላ ዋጋ ከ50 ዶላር ወደ 17 ዶላር ወረደ ማለት ነው።

መዘዙ በአርሶ አደሩ ብቻ አልቆመም። የእሸት ዋጋ የለቀማውን ድካም እንኳ የማይመልስ ሲሆን ለቃሚ የሚቀጠር የለም፤ መፈልፈያ ጣቢያው ሥራ ሲቀንስ የቀን ሠራተኛው ይበተናል፤ በከተማው ያለው ሱቅ ሽያጩ ይቀዘቅዛል፤ ልጅን ትምህርት ቤት ማቆየትም ያስቸግራል። በሐረርጌ ብዙ አርሶ አደሮች ቡናቸውን ነቅለው ጫት ተከሉ። በ1995 ዓ.ም. በአገሪቱ ድርቅ ሲደርስ በጥሪታቸው ላይ ተመክተው ክፉ ቀንን ያልፉ የነበሩ የቡና አካባቢዎች ሳይቀሩ ለችግር ተጋለጡ።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት እንደገና መነሣት

የችግሩ ዘመን የመፍትሔም ዘመን ሆነ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ማኅበራት በአባላት ፈቃድ እንዲቋቋሙና በዩኒየን ደረጃ እንዲደራጁ መንገድ ከፈተ። በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በ34 መሠረታዊ ማኅበራት ተመሠረተ። የሲዳማና የይርጋጨፌ ዩኒየኖችም እ.ኤ.አ. በ2001ና በ2002 ተከተሉ።

ዩኒየኖቹ በጨረታ ማዕከል ሳያልፉ ቡናቸውን በቀጥታ ለውጭ ገዥ እንዲሸጡ መፈቀዱ ትልቅ እርምጃ ነበር። በዓለም ገበያ ዋጋው በተንኮታኮተበት በዚያ ጊዜ የፍትሐዊ ንግድ ገዥዎች ለታጠበ አረቢካ ቡና ይከፍሉ የነበረው ዝቅተኛ ዋጋ ከማኅበራዊ ክፍያው ጋር በፓውንድ 1 ዶላር ከ26 ሳንቲም ነበር። በዚህ መንገድ የሚሸጠው ቡና ከጠቅላላው ምርት ጥቂቱ ብቻ ቢሆንም፣ የተደራጀ አምራች ገዥውን መርጦ መደራደር እንደሚችል በተግባር አሳይቷል። ከትርፉም ለመጠባበቂያ ከተቀነሰ በኋላ ቀሪው ለአባላት መከፋፈሉ አርሶ አደሩ በአንድ ምርት ሁለት ጊዜ እንዲጠቀም አድርጎታል፤ በመጀመሪያ በሽያጭ፣ ቀጥሎም በትርፍ ክፍፍል።

የውጭ ቀረጥ እንዴት ይሠራል?

ቀረጥን የሚከፍለው አስመጪው ነው። ነገር ግን አስመጪው ወጪውን በራሱ ላይ አያስቀርም፤ ወይ በሸማቹ ላይ ይጨምረዋል፣ ወይ ከላኪው ዋጋ ላይ ይቀንሰዋል። ላኪው ሲቀነስበት ደግሞ ቅናሹ እየወረደ እሸት ለቃሚው ዘንድ ይደርሳል።

ሌላው የቀረጥ ገጽታ በጥሬ ምርትና በተዘጋጀ ምርት መካከል ያለው ልዩነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ጥሬ ቡናን ያለቀረጥ ሲያስገባ በተቆላ ቡና ላይ በመደበኛነት 7.5 በመቶ ይጥላል። እርግጥ ነው፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በልማት ወደ ኋላ የቀሩ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከዚህ ነፃ ናቸው። ሆኖም ነፃ መሆን ብቻ አልበቃም። ቆልቶና አሽጎ ለመሸጥ ካፒታል፣ ማሽን፣ የታወቀ ስምና የሸማቹን ፍላጎት ማወቅ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ የይርጋጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ስሞችን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከ2005 ጀምሮ ያደረገችው ጥረትም ከዚህ አንጻር የሚታይ ነው።

የንግድ ዕድል መዘጋት ሠራተኛውን እንዴት እንደሚነካ ከቡና ውጭም ምሳሌ አለ። አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች በሰጠችው ከቀረጥ ነፃ ዕድል ኢትዮጵያ እንዳትጠቀም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሲታገድ፣ ጥሬ ቡና ቀድሞም ቀረጥ ስላልነበረበት አልተነካም። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፉት ወጣት ሴቶች ግን ሥራቸው አደጋ ላይ ወደቀ። ብዙዎቹም የአርሶ አደር ልጆች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ተራው የቡና ሆነ። በኤፕሪል ወር አሜሪካ የኢትዮጵያን ቡና ጨምሮ በብዙ አገሮች ዕቃ ላይ 10 በመቶ ቀረጥ ጣለች፤ በኦገስት በብራዚል ቡና ላይ የተጣለው 50 በመቶ ደረሰ፤ በኖቬምበር ቡና ከእነዚህ ቀረጦች እንዲወጣ ተደረገ። ከዚህ የምንማረው ትልቁ ጉዳት ከቀረጡ መጠን ይልቅ ነገ ምን እንደሚሆን አለመታወቁ መሆኑን ነው። ገዥ ነገን ካላወቀ ውል ከመፈረም መጠበቅን ይመርጣል፤ ቡና በመጋዘን ሲቆይ የባንክ ወለድ ይቆጥራል።

ከታሪክ የሚገኝ ትምህርት

አንደኛ፣ የዋጋ መናር ዘላቂ እንዳልሆነ መገንዘብ ያሻል። የ1977ቱም ሆነ የ1997ቱ ከፍታ በውድቀት ተተክቷል። በውድ ዋጋ እሸት የሰበሰበ ማኅበር ቡናውን ሳይሸጥ ዋጋ ከወረደበት ዕዳ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መጠባበቂያ መያዝና በውል ላይ ተመሥርቶ መግዛት ግዴታ ነው።

ሁለተኛ፣ አባላት ዋጋ ሲወደድ ለነጋዴ፣ ሲረክስ ለማኅበሩ ማቅረባቸው ማኅበሩን ከሁለቱም ወገን ያቆስለዋል። ዩኒየን ከውጭ ገዥ ጋር የገባውን ውል የሚፈጽመው አባሉ በሚያቀርበው ቡና ነው።

ሦስተኛ፣ የወረዳና የዞን አመራሮች የሚጥሏቸው ልዩ ልዩ ክፍያዎችና መዋጮዎች በመጨረሻ የሚያርፉት አርሶ አደሩ ላይ መሆኑን ሊያስቡበት ይገባል።

የኒውዮርክን ገበያም ሆነ የብራዚልን ውርጭ ማንም ማኅበር አያዝበትም። በእጁ ያለው ጥራቱ፣ ቁጠባውና አንድነቱ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ በ2001 ለየብቻው የቆመ አርሶ አደር ቡናውን ሲነቅል በማኅበር የቆመው ከነተክሉ ክፉውን ቀን የማለፍ ዕድል አግኝቷል።